የዕዳ ማስጠንቀቂያ ከደረሳችሁ በጽሑፍ መልሱ

ደብረ ማርቆስም ሁኑ ቡሬ፣ «ያለብዎትን ዕዳ በአስቸኳይ ይክፈሉ» የሚል ደብዳቤ ከደረሳችሁ ዝም አትበሉ። ሮጣችሁም «ለጊዜው ይቺን ያዙ» ብላችሁ ብር አትስጡ። በተለይ ዕዳው የቆየ ከሆነ! በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላው ይርጋ፣ ማለትም ዕዳ በፍርድ ቤት የሚጠየቅበት የጊዜ ገደብ፣ 10 ዓመት ነው። ትንሽም ብትከፍሉ ዕዳውን እንዳመናችሁ ይቆጠርና ጊዜው እንደ አዲስ ይጀምራል። ይርጋውን ደግሞ እናንተ ካላነሳችሁት ዳኛው አያነሳላችሁም።

መጀመሪያ ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ስም የእናንተ መሆኑን እስከ አያት አጣሩ። ጎጃም ውስጥ በላይ የሚባል ስንት አለ! ከዚያ አጭር መልስ ጻፉ፦ «ዕዳውን አላመንኩም። የውሉ ኮፒ ይሰጠኝ፤ ዋናው ገንዘብ፣ ወለዱ፣ ቅጣቱና እስካሁን የተከፈለው ተለይቶ ይገለጽልኝ።» ሁለት ቅጂ አድርጉት። አንዱን ደብዳቤውን የላከው መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ስታስገቡ፣ እጃችሁ በሚቀረው ላይ ቁጥርና ቀን ጽፈው ማኅተም ይምቱበት። «ግድ የለም፣ ደርሶናል» ቢሏችሁ እሺ እንዳትሉ። አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ላኩትና ደረሰኙን ያዙ። የማዳበሪያ ዱቤ ከሆነ ከማኅበሩ የተቀበላችሁትን ደረሰኝ ኮፒ አያይዙ፤ ዋናውን ለማንም አትስጡ።

ዋስ ከሆናችሁ ውሉን አንብቡ። የምትዋሱበት ከፍተኛ መጠን ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም።

ቤት አስይዛችሁ ከባንክ ከተበደራችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በውሉ ከተስማማችሁ፣ ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ደብዳቤው በደረሳችሁ ማግስት ጠበቃ ጋ ሂዱ።