በልብስ ሥር የሚታጠቁትን ሽጉጥ ሲያሻሽሉና ሲጠግኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በፈቃድ ሽጉጥ የሚታጠቅ ሰው ከመሣሪያው የሚፈልገው ዋና ነገር ቃታው በተሳበ ቁጥር መተኮሱን፣ ካልተሳበ ደግሞ አለመተኮሱን ነው። ማሻሻያ ተብለው ከሚገጠሙት ዕቃዎች ብዙዎቹ ከእነዚህ ሁለቱ አንዱን ያናጋሉ።

የመጀመሪያው ስህተት፣ ሽጉጡ ሲነክስ (ጥይት ሲቀረቀርበት) ካዝናውን፣ ማለትም የጥይት መያዣውን፣ ሳይመረምሩ ሽጉጡን መፍታት ነው። የካዝናው ከንፈር (ጥይቱን ከላይ የሚይዘው ጠርዝ) ጥቂት ከተከፈተ ወይም ከተጣመመ ጥይቱ ከሚገባው በላይ ቀና ወይም ደፋ ብሎ ይወጣና ከበርሜሉ መግቢያ ጋር ይላተማል፤ የውስጡ ሞላ ከደከመ ደግሞ ስላይዱ (በሽጉጡ አናት ላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንሸራተተው ክፍል) ወደ ፊት ሲመለስ ቀጣዩ ጥይት ገና ቦታው ላይ አይደርስም። በእያንዳንዱ ካዝና ግርጌ ቁጥር መጻፍ ብዙ ድካም ያስቀራል፤ ችግሩ ሁልጊዜ ከአንድ ቁጥር ጋር ከመጣ ጥፋተኛው ታውቋል። ሞላን በዋናነት የሚያደክመው ተጨምቆ መቆየቱ ሳይሆን ደጋግሞ መጨመቁና መለቀቁ ስለሆነ፣ ካዝናን በየጊዜው እያራገፉ «ማሳረፍ» እምብዛም አይጠቅምም።

ሁለተኛው፣ ቃታውን ለማቅለል ሲባል የመምቻውን ሞላ በለዘበ መለወጥ ነው። ጥይት ሲከሽፍ አንስቶ ግርጌውን ማየት ይገባል፦ የመርፌው ምልክት ደብዛዛ ከሆነ ምቱ ደክሟል፣ ጥልቅና መሃል ላይ ያረፈ ከሆነ ግን በአብዛኛው ጥፋቱ የጥይቱ ነው። የቃታ ክፍሎች ክብደት ራሱ ምን ያህል እንደሚያሳስብ የሲግ ሳወር ፒ320 ታሪክ ያሳያል፤ ሽጉጡ በተወሰነ አቅጣጫ ሲወድቅ ሊተኩስ እንደሚችል ከታየ በኋላ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2017 ቃታውንና መምቻውን ቀለል ባሉ ክፍሎች የሚተካ ማሻሻያ አቅርቧል። መሐንዲሶች የሳቱትን ነገር በጓዳ ጠረጴዛ ላይ በሞረድ አስተካክላለሁ ማለት ድፍረት ነው። ብዙ ክፍል በአንድ ጊዜ መለወጥም ያው ነው፤ ችግር ሲመጣ የትኛው እንዳመጣው አይታወቅም።

በርካሽ ክብ አፍንጫ ጥይት ተለማምዶ ፈጽሞ ያልተሞከረ ባለ ክፍት አፍንጫ (ጫፉ ጎድጓዳ የሆነ) ጥይት መታጠቅም የተለመደ ነው። 1911 የሚባለው የሽጉጥ ሞዴል መጀመሪያ የተሠራው ለክብ አፍንጫ ጥይት በመሆኑ፣ ከቆዩት መካከል ክፍት አፍንጫውን መጉረስ የሚያስቸግራቸው አሉ። ሊታጠቁት ካሰቡት ጥይት፣ ሊታጠቁት ባሰቡት ካዝና፣ ቢያንስ 100 ያህሉን ሳያስነክሱ መተኮስ ከማንኛውም ዕቃ በፊት የሚገባ ወጪ ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ይህ ነው፦ ማታ ማታ ሽጉጡን እያራገፉ ጠዋት ያንኑ አንድ ጥይት መልሶ ማጉረስ። ጥይቱ ከበርሜሉ መግቢያ ጋር በተጋጨ ቁጥር እርሳሱ (ከበርሜሉ የሚወነጨፈው የጥይቱ ጫፍ) ቀስ በቀስ ወደ ቀለሃው ሊገፋ ይችላል፤ ለባሩዱ የቀረው ቦታ ሲጠብ በተኩስ ጊዜ የሚፈጠረው ግፊት ከልክ ሊያልፍ ይችላል። ከአዲስ ጥይት ጎን አቁሞ ቁመቱን ማነጻጸር፣ ያጠረውንም ለይቶ ማስወገድ በቂ ነው።

ዘይት ማብዛት የልብስ ብናኝን ይሰበስባል፤ ጥይቱን ካራሰውም ማቀጣጠያውን ሊያበላሸው ይችላል። ቃታውን ሙሉ በሙሉ የማይሸፍን ለስላሳ አፎት ደግሞ ለምንም ዓይነት ሽጉጥ አይሆንም።

የመጨረሻው ከሁሉም አደገኛ ነው። ቃታው ተስቦ ጥይቱ ካልፈነዳ፣ በተኩስ ሜዳ ላይ አፈሙዙን አደጋ ወደማያደርስበት አቅጣጫ እንደያዙ 30 ሰከንድ ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት አለና። ድምፁ ከወትሮው ደክሞ ከተሰማ ግን እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል፣ በልማድ አቀባብሎ ድጋሚ መተኮስ በርሜሉን ሊያፈነዳው ይችላል። ካዝናው ወጥቶ፣ ሽጉጡ ተራግፎና ተፈትቶ፣ በበርሜሉ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብርሃን እስኪታይ ድረስ ሌላ ጥይት አይጎርስም።