ፖስትግሬስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲንቀራፈፍ፦ ከጂፒ2 ወደ ጂፒ3

ኩበርኔቲስ (ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድር ሥርዓት) ላይ የሚሠራ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ፣ ዲስኩ 100 ጊጋባይት ጂፒ2 (የአማዞን ክላውድ የዲስክ ዓይነት)። ከባድ ጭነት ሲጀምር ይፈጥናል፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲያልፍ እያንዳንዱ ኮሚት (ለውጥን ዲስክ ላይ ማጽናት) መጎተት ይጀምራል። ሲፒዩውም ሜሞሪውም ደህና ናቸው።

መንስኤው የዲስኩ ክሬዲት ነው። የአማዞን ጂፒ2 በጊጋባይት 3 አይኦፒኤስ (በሰከንድ የሚፈጸም የንባብና የጽሕፈት ብዛት) ይሰጣል፤ ስለዚህ የ100 ጊጋባይቱ መደበኛ አቅም 300 ብቻ ነው። እስከ 3,000 የሚያደርሰው የተጠራቀመ ክሬዲት ነው፣ እሱ ሲሟጠጥ ፍጥነቱ ወደ 300 ይወርዳል። ክላውድዋች (የአማዞን መከታተያ) ላይ «በርስት ባላንስ»፣ ማለትም ቀሪው ክሬዲት፣ ዜሮ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። የአምስት ደቂቃ የፍጥነት ሙከራ ይህን ፈጽሞ አያሳይም፤ ቢያንስ 45 ደቂቃ ይሂድ።

ዲስኩን ማስፋት ብክነት ነው፤ ቋሚ 3,000 ለማግኘት 1,000 ጊጋባይት መክፈል ይጠይቃል። ጂፒ3 ግን መጠኑ ምንም ቢሆን 3,000 አይኦፒኤስና በሰከንድ 125 ሜጋባይት ይሰጣል፣ በጊጋባይትም 20 በመቶ ያህል ይረክሳል።

ኩበርኔቲስ ላይ አዲስ ስቶሬጅ ክላስ (ዲስክ በምን ዓይነት እንደሚፈጠር የሚወስን ቅንብር) መፍጠር ነባሩን ፒቪሲ (ዳታቤዙ ዲስኩን የያዘበት ጥያቄ) አይነካውም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው ስናፕሾት (የዲስኩ ቅጂ) ከተወሰደ በኋላ የቮልዩሙን (የዲስኩን) ዓይነት እዚያው ክላውዱ ላይ ወደ ጂፒ3 መቀየር ነው፤ ፖዱን (ዳታቤዙ የሚሠራበትን የኩበርኔቲስ ክፍል) ማቆም አያስፈልግም። አዲሱ ክላስ ወደፊት ለሚፈጠሩት ይሆናል። ባክአፕ በ125 ሜጋባይቱ ከታነቀ ትሩፑቱን (በሰከንድ የሚተላለፈውን የዳታ መጠን) ብቻ ከፍ ማድረግ ይቻላል፣ ጭማሪው ለብቻው ይከፈልበታል።