ብራውዘርን በተርሚናል መጫንና ማጥፋት፦ መጀመሪያ በየት በር እንደገባ እወቁ

ኡቡንቱ (ከሊኑክስ ሲስተሞች አንዱ) ላይ ብራውዘር በተርሚናል፣ ማለትም ትዕዛዝ በሚጻፍበት መስኮት፣ ማስገባት ቀላል ነው። አስቸጋሪው ማስወጣቱ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ የተማሪዎችን ኮምፒውተር ሳስተካክል ደጋግሜ የምሰማው ቅሬታ አለ፦ «ፋየርፎክስን አጠፋሁት፣ ግን አሁንም አለ።» አብሽሩ፣ መፍትሄ አለው።

ትዕዛዞቹን እዚህ የጻፍኳቸው እንደሚነበቡት ነው። እናንተ ተርሚናሉ ላይ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ፦ ሱዶ sudo፣ አፕት apt፣ ስናፕ snap፣ ደብልዩጌት wget፣ ዲፒኬጂ dpkg ተብለው ይጻፋሉ። ተርሚናሉ ኮንትሮል፣ አልት እና ቲን አንድ ላይ ስትጫኑ ይከፈታል። ሱዶ (በአስተዳዳሪ ፈቃድ ስራ ማለት ነው) ያለበት ትዕዛዝ ፓስወርድ ይጠይቃል። ስትጽፉ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፤ ኪቦርዱ ደህና ነው፣ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ።

አዲሱን ሳትጭኑና ሳትሞክሩ አሮጌውን አታጥፉ። ክሮምን እንውሰድ። ክሮም የኡቡንቱ ማከማቻ ውስጥ የለም፤ ፋይሉን ከጉግል ማውረድ አለባችሁ። መጨረሻው ዴብ የሆነውን የማውረጃ ሊንክ ኮፒ አድርጉና እንዲህ በሉ፦

ደብልዩጌት -ሲ (ከዚያ ሊንኩ)

ያቺ «-ሲ» እንዳትረሳ። ፋይሉ ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ መብራት ድንገት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል፤ ከዚያ ያንኑ ትዕዛዝ ያንኑ ፎልደር ውስጥ ሆናችሁ ስትደግሙት ማውረዱ ካቆመበት ይቀጥላል፣ የገዛችሁት ጥቅልም በከንቱ አያልቅም። ከወረደ በኋላ በአፕት፣ ማለትም በኡቡንቱ የፕሮግራም መጫኛ፣ አስገቡት፦

ሱዶ አፕት ኢንስቶል ./ (ከዚያ የፋይሉ ስም)

«./» ካልገባች አፕት እጃችሁ ላይ ያለውን ፋይል ትቶ ማከማቻው ውስጥ ይፈልጋል፣ አጣሁት ይላል። ብዙ ሰው በዲፒኬጂ፣ በሌላው የመጫኛ ትዕዛዝ፣ ይጭናል፤ እኔ አልመክርም። አፕት የጎደሉትን ፓኬጆች (ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ክፍሎች) ራሱ ያመጣል፣ ዲፒኬጂ ግን ጎደለኝ ብሎ ይቆማል። መሀል ላይ መብራት ሄዶ ጭነቱ ከተቋረጠ ግን እሱኑ ትጠሩታላችሁ፦ ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ። የተጀመረውን ይጨርስላችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ብራውዘር ኡቡንቱ ውስጥ በብዛት የሚገባው በሁለት በር ነው፦ በአፕት ወይም በስናፕ፣ በሌላው የኡቡንቱ መጫኛ። የገባበትን በር ሳታውቁ ማስወጣት አይሆንም። ከኡቡንቱ 22.04 ጀምሮ ፋየርፎክስ የሚመጣው በስናፕ ነው። አደናጋሪው ደግሞ ይሄ ነው፦ «አፕት ኢንስቶል ፋየርፎክስ» ብትሉ እንኳን አፕት የሚያስገባው አንዲት ትንሽ ፓኬጅ ነው፣ እሷም ዞራ ስናፑን ትጠራለች። ስለዚህ «አፕት ሪሙቭ ፋየርፎክስ» ስትሉ የምትወጣው ያቺ ትንሿ ናት። ብራውዘሩ እዚያው ቁጭ ብሏል። ስለዚህ በቅድሚያ ይህን ጻፉ፦

ስናፕ ሊስት

ዝርዝሩ ውስጥ ፋየርፎክስ ካለ፣ ብራውዘሩን ዝጉና፦

ሱዶ ስናፕ ሪሙቭ ፋየርፎክስ

ትንሽ ይቆያል፤ በመሀል አታቋርጡት። የሚቆየው ዳታችሁን መጠባበቂያ ቅጂ አድርጎ እያስቀመጠ ስለሆነ ነው። ቅጂው 31 ቀን ይቆያል። ሀሳባችሁን ብትቀይሩ ፋየርፎክስን መልሳችሁ ጫኑ፣ «ስናፕ ሴቭድ» ብላችሁ የቅጂውን ቁጥር እዩ፣ ከዚያ «ሱዶ ስናፕ ሪስቶር» ብላችሁ ቁጥሩን ጨምሩ። «--ፐርጅ» የሚለውን ጨምሩበት የሚሏችሁ አሉ። እሱ ቅጂ ሳያስቀር ነው የሚያጠፋው፣ ስለዚህ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ በጭራሽ አትጠቀሙበት። የሰው ፓስወርድና ያስቀመጣቸው ገጾች ናቸው፣ ከጠፉ አይመለሱም።

በአፕት የገባውን፣ ለምሳሌ ክሮምን፣ «ሱዶ አፕት ፐርጅ ጉግል-ክሮም-ስቴብል» ያወጣዋል። ከዚያ ከእንግዲህ የማያስፈልጉ ፓኬጆችን የሚያስወጣውን «ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ» ማለት ከፈለጋችሁ፣ ለመስማማት «ዋይ» የሚለውን ፊደል ከመምታታችሁ በፊት የሚወጡትን ዝርዝር አንብቡ።

ኮምፒውተራችሁን ልትሸጡ ያሰባችሁ ይህችን በደንብ ያዙ። የአፕት ፐርጅ ስሙ ቢያስፈራም የእናንተን የግል ፎልደር አይነካም። የክሮም ታሪካችሁና ያስቀመጣችሁት ፓስወርድ በሆም ፎልደራችሁ፣ «.ኮንፊግ» በሚለው ስር «ጉግል-ክሮም» ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ገዢው ክሮምን መልሶ ቢጭን በስማችሁ የገባ አካውንት ሊያገኝ ይችላል። ለማጥፋት የፋይል ማናጀሩን ክፈቱ፣ ኮንትሮልና ኤች ስትጫኑ የተደበቁት ፎልደሮች ይታያሉ፣ «.ኮንፊግ» ውስጥ ገብታችሁ «ጉግል-ክሮም» የሚለውን ብቻ ለይታችሁ ሰርዙ፣ ቆሻሻ መጣያውንም ባዶ አድርጉ። በተርሚናል «አርኤም -አር» ፈጣን ነው፣ ግን አንዲት ስፔስ በስህተት ብትገባ ሌላ ፎልደር ይዞ ይሄዳል፣ ወደ ቆሻሻ መጣያም አያስገባውም። እዚህ ላይ ማውዙ ይሻላል።

ጨርሳችሁ ስናፕ ሊስትን ድገሙት። «አፕት ሊስት --ኢንስቶልድ» ብላችሁም የብራውዘሩን ስም ፈልጉ። ሁለቱም ላይ ከሌለ ወጥቷል። ፋየርፎክስ አፕት ላይ ብቻ ከታየ ያቺ ትንሿ ፓኬጅ ልትሆን ትችላለች።