የተሻረ ኑዛዜ በአሜሪካ ፍርድ ቤት እንዲጸና እንዴት ይጠየቃል?

ሟች በሕይወት ሳለ ኑዛዜውን ቀድዶ ወይም ሰርዞ ከተገኘ ኑዛዜው እንደተሻረ ይገመታል፤ ሌላ የጸና ኑዛዜ ከሌለም ንብረቱ በክፍለ ግዛቱ ሕግ በተደነገገው የዝምድና ቅደም ተከተል ይከፋፈላል። በዚህ አከፋፈል በሕግ ያልተጋባ የኑሮ ጓደኛ፣ የክርስትና ልጅ ወይም ሟች ያገለግሉበት የነበረው ቤተ ክርስቲያን አብዛኛውን ጊዜ አንዳችም አይደርሳቸውም። በእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች የተጀመረና በብዙ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ተቀባይነት ያገኘ አንድ መርሕ ግን መውጫ ሊሰጥ ይችላል። ጠበቆች «ዲፔንደንት ሬላቲቭ ሪቮኬሽን» ይሉታል። ሟች ኑዛዜውን የሻረው ሌላ ኑዛዜ ይጸናልኛል ብሎ በስሕተት በማመኑ ከሆነ፣ ስሕተቱን ቢያውቅ ኖሮም ባልሻረው ነበር ከተባለ፣ ፍርድ ቤቱ ሽረቱን እንዳልተደረገ ይቆጥረዋል።

ሥራው የሚጀምረው ከወረቀቱ ነው። የተቀደደውን አትጣሉ፣ አትለጥፉ፣ አብሮት ከተገኘውም ነገር አትለዩት። እ.ኤ.አ. በ1980 የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በወሰነው ጉዳይ፣ በ1963 የተደረገ ኑዛዜ ስለ ንብረት ክፍፍሉ የሚናገሩት አንቀጾቹ በእርሳስ ተሰርዘው የተገኘው ሟች በ1978 በእጃቸው ከጻፉት፣ ነገር ግን ካልፈረሙበት ረቂቅ ጋር አንድ ላይ ታጥፎ ነበር። ሁለቱ አብረው መገኘታቸው ስረዛው ለአዲሱ ኑዛዜ ዝግጅት እንደነበረ ስላሳየ ፍርድ ቤቱ አሮጌውን አጽንቶታል። ሁለቱ ወረቀቶች በየፊናቸው ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ምን ያህል ይከብድ እንደነበር መገመት አያዳግትም። ዋናው ከጠፋም የሕግ ባለሙያው ቢሮ ያስቀረው ቅጂ ሊረዳ ስለሚችል እሱን ጠይቁ።

ቀጥሎ ሟች ለምን እንደሻረው ማስረጃ ይሰበሰባል፤ ሽረቱ የተፈጸመው በመቅደድ ወይም በመሰረዝ ከሆነ ምስክሮች ሟች ሲናገር የሰሙትን ማስረዳት ይችላሉ። በዊስኮንሲን በ1963 በተወሰነ ጉዳይ አንዲት ሴት በ1955 በሚልዋኪ፣ በ1959 ደግሞ በካንካኪ ኑዛዜ አድርገው ነበር፤ ሁለተኛውን የቀደዱት የመጀመሪያው ይመለስልኛል ብለው ነው። በሕጉ ግን የመጀመሪያው ሊመለስ አይችልም ነበር። ፍርድ ቤቱ ሴትዮዋ ያለ ኑዛዜ ከመሞት ይልቅ የካንካኪውን ይመርጡ ነበር ብሎ የተቀደደውን አጽንቷል። ሽረቱ በሌላ ጽሑፍ ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ስሕተቱ ከጽሑፉ ራሱ እንዲታይ ብዙ ፍርድ ቤቶች ይጠይቃሉ።

ጉዳዩ የሚሸነፈው ብዙ ጊዜ በሚቀጥለው ነጥብ ላይ ይመስለኛል። ፍርድ ቤት ያለ ኑዛዜ የሚደረግን ክፍፍል ስለማይወድ ብቻ የተሻረ ኑዛዜ አያስነሣም። ስለዚህ ሦስቱን አከፋፈሎች፣ ማለትም የአሮጌውን ኑዛዜ፣ የከሸፈውን አዲስ ሐሳብና የሕጉን ክፍፍል፣ ጎን ለጎን ጽፋችሁ አሮጌው ከሕጉ ይልቅ ለሟች ሐሳብ የቀረበ መሆኑን ማሳየት አለባችሁ። በኮነቲከት በ1953 የታየው ጉዳይ ቀላል ነበር፦ የአሮጌውን ኑዛዜ ስጦታ የሻረው ተጨማሪ ኑዛዜ የአንድ ተቀባይ ዘመድ ስም ከማስተካከል በቀር ያንኑ ስጦታ እንዳለ ስለደገመ፣ የአንዷ ተቀባይ ባል ምስክር በመሆኑ የእሷ ድርሻ በሕጉ ቢፈርስም አሮጌው ስጦታ ጸንቶላታል። በሜሪላንድ በ1998 የታየው ግን ከሽፏል። ሟች አዲስ ኑዛዜ ስላዘጋጁ በአሮጌው ላይ ዋጋ የለውም ብለው ጽፈው ነበር፤ አዲሱ የምስክር ጉድለት ነበረበት። አሮጌው ቢነሣ የሥጋ ወራሹ ወንድም ከውርሱ ይወጣ ስለነበር፣ ሟች ያንን እንደሚመርጡ ሳይረጋገጥ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለም። በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው የምትኖሩ ይህን ውሳኔ ለጠበቃችሁ ብታነሡ አይከፋም።

ክርክሩን በዚህ መርሕ ላይ ብቻ አታንጠልጥሉት። በቨርጂኒያ የፎርም፣ ለምሳሌ የምስክር፣ ጉድለት ያለበትን ሰነድ ሟች ኑዛዜዬ ይሁን ብሎ እንዳዘጋጀው በግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ከተረጋገጠ ማጽናት የሚቻልበት ድንጋጌ አለ፤ አቤቱታው ግን ሟች በሞተ በ1 ዓመት ውስጥ ቀርቦ ባለጥቅሞች ሁሉ ተከራካሪ መሆን አለባቸው። በዚህ መንገድ አዲሱ ኑዛዜ ራሱ ከጸና አሮጌውን ማስነሣት አያስፈልግም። ስለዚህ አቤቱታው አስቀድሞ አዲሱ እንዲጸና፣ ይህ ካልሆነ በአማራጭ የአሮጌው ሽረት እንዳልተደረገ እንዲቆጠር ቢጠይቅ ይሻላል፤ በአዲስ አበባ ያሉ ወንድምና እህቶችም የሕግ ወራሾች ከሆኑ መጥሪያ ሊደርሳቸው ስለሚገባ አድራሻቸውን ከወዲሁ አዘጋጁ።