የደጋ አጋዘንን በጋይሳይ ሜዳ ፎቶ ማንሳት

የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ በዲንሾ አካባቢ ያለው ደግሞ ሰው ስለለመደ ለጀማሪ ፎቶ አንሺ ጥሩ መለማመጃ ነው። ሆኖም ቀላል መስሎ ያታልላል። ብዙ ሰው ይዞ የሚመለሰው ወይ የሚሸሽ አጋዘን ጀርባ ነው፣ ወይ ቁጥቋጦ ውስጥ የተደበቀ ጥቁር ነገር። ጥፋቱም አብዛኛውን ጊዜ የካሜራው ሳይሆን የሰዓቱና የአቀራረቡ ነው።

የሚሠራባቸው ቦታዎች ሁለት ናቸው። በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዙሪያ ያለው የጥድና የኮሶ ጫካ አንዱ ነው፤ እዚህ አጋዘኑ ቅርብ ነው፣ ብርሃኑ ግን ደካማ ነው። ከአዳባ ወደ ዲንሾ የሚወስደው መንገድ አጠገብ ያለው ጋይሳይ ግልጥ ሜዳ ነው፤ ብርሃን ሞልቶታል፣ እንስሳው ግን ይርቃል። መጀመሪያ ጫካው ውስጥ ጠባዩን አጥኑና ወደ ጋይሳይ ውጡ። የመግቢያ ክፍያውንና የአስጎብኚውን ጉዳይ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ጨርሱ። ጠዋት ቢሮ እስኪከፈት ከጠበቃችሁ ምርጡ ብርሃን አልፏል።

ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊት ውርጭ ስለሚጥል ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል፣ በታኅሣሥ ገደማም ወንዶቹ ለእንስት ይፎካከራሉ። ሁለት ወንዶች ጋማቸውን አቁመው፣ ጎናቸውን እያሳዩ በዝግታ ሲዞሩ ማየት ከማንኛውም ሩጫ የበለጠ ፎቶ ይሰጣል። በቀን ውስጥ የሚሠራው ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያም ከ10 ሰዓት እስከ ምሽት 12 ሰዓት ነው። እኩለ ቀን ላይ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብተው ያርፋሉ፤ እናንተም ምሳ ብሉ።

ሌንስ ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሜትር ይበቃል። በፉል ፍሬም (ትልቅ የምስል መቀበያ ባለው) ካሜራ 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ50 ሜትር ርቀት 4.5 ሜትር ያህል ስፋት ያሳያል፤ ትልቅ ወንድ አጋዘን ከዚህ ግማሽ ያህሉን ይይዛል፣ ለቀንዱና ለሜዳውም ቦታ ይተርፋል። በ200 ሚሊ ሜትር ግን ስፋቱ 9 ሜትር ይሆናል፣ እንስሳው ያንሳል፣ ያኔ ሰው ለመቅረብ ይፈተናል። ስልክ ብቻ ያለው ሰው ጋይሳይን ትቶ ጫካው ውስጥ ይሥራ፤ በጣት እየለጠጡ ማቅረብ ምስሉን ከማበላሸት ሌላ ጥቅም የለውም።

አቀራረቡ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ነፋሱ ከእንስሳው ወደ እናንተ መንፈስ አለበት። ትንሽ ደረቅ አፈር ወይም ሣር ከእጃችሁ ልቀቁና አቅጣጫውን እዩ፤ ጠዋት ነፋስ ቶሎ ስለሚቀየር ደጋግማችሁ አረጋግጡ። ፊት ለፊት አትሂዱ፤ የምታልፉ መስላችሁ በአግድም ተራመዱ። ቀና ካለ ቁሙ። ጆሮውን ወደ እናንተ ካዞረ ዝም ብላችሁ ጠብቁ፣ መጋጥ ሲጀምር ቀጥሉ። ዓይናችሁ ቀንዳሙ ላይ ብቻ አይቅር፤ ብዙ ጊዜ ቀድማ የምትነቃው ዳር ያለችው እንስት ናት፣ እሷ ከሮጠች ሁሉም ይከተላል። ከ50 ሜትር በታች ከመቅረብ ይልቅ ጭቁኝ ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጦ መጠበቅ ያዋጣል። እየጋጠ ወደ እናንተ የመጣ አጋዘን ፊቱን ያሳያል፣ የተከተላችሁት ግን ጀርባውን። ከክረምት በኋላ እናቶች ግልገሎቻቸውን ቁጥቋጦ ውስጥ ይደብቃሉ፤ ብቻዋን ቆማ የምትጠራጠር እናት ካያችሁ ግልገሉን ፍለጋ አትግቡ።

ከመኪና ማንሳትም ይቻላል፤ ከመንገዱ ወጣ ብላችሁ ቁሙና ሞተሩን አጥፉ፣ ንዝረቱ ምስል ያደበዝዛል። አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ሽምብራ በጨርቅ ከረጢት ቋጥራችሁ መስኮቱ ላይ አድርጉ፤ ለሌንስ ማስደገፊያ ከትራይፖድ ይሻላል።

አፐርቸሩን፣ ማለትም የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ፣ ኤፍ 5.6 ላይ አድርጉ። የመዝጊያውን (ሹተሩን) ፍጥነት ለቆመ እንስሳ 1/250፣ ለሚራመድ 1/500፣ ለሚሮጥ 1/1000 ሰከንድ ያዙ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) እስከ 6400 ድረስ ለካሜራው ልቀቁ። አይኤስኦ ሲጨምር ነጠብጣብ የሚበዛበት፣ ጥቂት ሻካራ ምስል ይስተካከላል፣ የተንቀሳቀሰ ግን አይስተካከልም። ወንዱ ጠቆር ያለ ስለሆነ ፍሬሙን ሲሞላ ካሜራው ጨለማ መስሎት ያበራዋል፤ ያኔ ሰውነቱ ግራጫ ይሆናል፣ በዓይኖቹ መካከልና ጉሮሮው ላይ ያለው ነጭም ይጠፋል። ኤክስፖዠሩን (የምስሉን የብርሃን መጠን) ከአንድ ሦስተኛ እስከ ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ቀንሱ፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው። በጭጋግ ውስጥ ተቃራኒው ነው፤ እስከ አንድ ስቶፕ ጨምሩ። ፎከሱን በአንዲት ትንሽ ነጥብ ዓይኑ ላይ አሳርፉ፤ ሰፊ የፎከስ ክልል ከፊት ያለውን ሣር ይይዛል።

ቦታው ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው ትንሽ አቀበት እንኳ ያስተነፍሳል። ደርሳችሁ ወዲያው ብታነሱ እጃችሁ ይንቀጠቀጣል፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ አርፉ። ከ3 ሰዓት በኋላ ፎቶዎቹ ሁሉ ብዥ ማለት ከጀመሩ ሌንሱን አትውቀሱ። ሜዳው ሲሞቅ ከላዩ ያለው አየር ይርገበገባል፤ ይህን የሚያስተካክል ቅንብር የለም፣ በቅርብ ያለውን አንሱ ወይም አቁሙ።

ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚያልቅ መለዋወጫውን ደረት ኪስ ውስጥ ያዙ። ወደ ሞቀ ክፍል ስትገቡ ካሜራውን ከዘጋችሁት ቦርሳ ውስጥ አታውጡ፤ ቀዝቃዛ መስታወት ላይ እርጥበት ይቋጠራል። ሜሞሪ ካርዱን ግን ደጅ ሳላችሁ አውጡት፣ ያለዚያ ፎቶዎቹን ለማየት ስትሉ ቦርሳውን መክፈታችሁ አይቀርም።