ከሌላ ሰው ዘፈን ላይ ለመውሰድ እንዴት ይፈቀዳል?

ጎጃም ውስጥ አዲስ ዘፈን የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከሠርግ ዘፈን፣ ከቀረርቶ ወይም ከቆየ ካሴት ነው። መነሳቱ ክፋት የለውም፤ ባለቤቱን ግን አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ስቱዲዮ ከመግባትዎ በፊት ይህን ይጨርሱ።

መጀመሪያ የሚወስዱትን ይለዩ። ግጥሙ የገጣሚው፣ ዜማው የዜማ ደራሲው፣ ቅንብሩ የአቀናባሪው ነው፤ በተቀዳው ድምፅ ላይ ደግሞ ድምፃዊውና ያሳተመው ፕሮዲውሰር መብት አላቸው። በራስዎ ድምፅ እንደገና ከዘፈኑት የሚጠይቁት ደራሲዎቹን ነው። ከካሴቱ ላይ የማሲንቆውን ድምፅ ቆርጠው ካስገቡ ግን ሁሉንም ያስፈቅዳሉ። ካሴት ሽፋን ላይ የተጻፈው ስም ፍለጋውን ያቀልልዎታል።

ቀጥሎ ሥራው የሕዝብ ነው ወይስ የግለሰብ? ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ቅኝቶች፣ ማለትም ዜማ የሚሠራባቸው የድምፅ ስልቶች፣ ስለሆኑ ማንም ይጠቀምባቸዋል። ቢቸና ወይም ዳንግላ ሠርግ ቤት የሰሙትን፣ ደራሲው የማይታወቅ ዜማም በራስዎ መንገድ ይዝፈኑት። ያንኑ ዜማ አንድ ድምፃዊ አስቀናብሮ ካሳተመው ግን ቅንብሩንና ቅጂውን መንካት አይችሉም። አዝማሪን በስልክ ቀድቶ ዘፈን ውስጥ ማስገባትም ፈቃድ ይጠይቃል፤ የሚጫወተው የሕዝብ ዘፈን ቢሆንም ሕጉ ከዋኝ (ሥራን ተጫውቶ የሚያቀርብ ሰው) ብሎ መብት ሰጥቶታል። «ተቀበል!» ብሎ ግጥሙን ያቀበለው እንግዳ ከታወቀም እሱን መጠየቅ ተገቢ ነው እላለሁ። በዋሸራና በጎንጅ ቅኔ ቤቶች የመምህራን ቅኔ ከነባለቤቱ ስም እየተነገረ ዘመን ተሻግሯል፤ የአዝማሪው ግጥም ይህን ክብር የሚነፈግበት ምክንያት አይታየኝም።

ደራሲው ሞቷል ማለት ሥራው ነፃ ሆነ ማለት አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱን በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ያስከብራል፤ ስለዚህ ወራሾቹን ይፈልጉ። ሥራው አለመመዝገቡም ጥበቃ አያሳጣውም።

«ጥቂት ሰከንድ ከሆነ ችግር የለውም» የሚባለውን አይመኑ፤ አዋጁ የሰከንድ ልክ አላስቀመጠም። ምንጩንና የደራሲውን ስም ገልጾ አጭር ጥቅስ መውሰድን ይፈቅዳል፤ የሰውን አዝማች የራስ ዘፈን አዝማች ማድረግ ግን ከጥቅስ አይቆጠርም።

ከዚያ ፈቃዱን በጽሑፍ ያድርጉት። የቃል እሺታ ዘፈኑ እስኪወደድ ድረስ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ምን እንደሚወስዱ፣ ለመድረክ፣ ለአልበም ወይስ ለዩቲዩብ እንደሆነ፣ ለስንት ጊዜና በስንት ብር እንደተስማሙ ይጻፍ፤ በምስክር ፊት ይፈረም። ዩቲዩብ ላይ የተመዘገበን ድምፅ ሥርዓቱ ራሱ ይለየዋል፤ ገቢዎ ለባለመብቱ ሊዞር ይችላል። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ የደረሰው ቻናል ደግሞ ሊዘጋ ይችላል።

ከፍለው ቢያስፈቅዱም በስሙ የመጠራት መብት የደራሲው ነው። የገጣሚውንና የዜማ ደራሲውን ስም በአልበሙ ሽፋንም በዩቲዩብ መግለጫውም ላይ ያስፍሩ።