ፍላጻው ደጋኑን እየመታ ሲወጣ፦ ችግሩና መፍትሄው

አውታሩን ስትለቁ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ? ፍላጻው ጭራውን እያወዛወዘ ይሄዳል? ብዙ ሰው ወዲያው ጣቱን ይወቅሳል፤ ካልሆነም ሌላ ፍላጻ ይገዛል። ሁለቱም ይቆዩ። መጀመሪያ ፍላጻው ደጋኑን ይነካ እንደሆነ እንወቅ። (የምጽፈው በቀኝ እጁ በሦስት ጣት ስቦ ፍላጻውን ከደጋኑ በግራ ለሚያሳርፍ ነው። ግራኝ ከሆናችሁ ግራና ቀኙን ገልብጡት።)

ላባዎቹን ጫፍ ጫፋቸውን የከንፈር ቀለም ቀቡና አንዴ ወርውሩ። ቀለሙ ማረፊያው (ፍላጻው ደጋኑ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ) ወይም እጀታው ላይ ከታየ ንክኪ አለ ማለት ነው።

ቀለሙ ማረፊያው ላይ ከሆነ

አብዛኛውን ጊዜ ፍላጻው አውታሩ ላይ የሚሰካበት ቦታ ዝቅ ብሏል። ጭራው ማረፊያውን መትቶ ወደ ላይ ይነጥራል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ጭራው ከፍ ሲል ስለሚያይ መሰኪያውን ይብስ ዝቅ ያደርገዋል። እኔም ሳምንታት የለፋሁት በዚሁ ነው። መሰኪያውን ከማረፊያው ትክክል 13 ሚሊሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ንክኪው ካልጠፋ ትንሽ ጨምሩ። ከጠፋ በኋላ ጭራው አሁንም ከፍ ካለ አንድ አንድ ሚሊሜትር እየቀነሳችሁ ውረዱ።

የፕላስቲክ ክንፍ ያለው ፍላጻ ከሆነ ግን አትድከሙ። ፕላስቲክ ማረፊያውን ሲመታ ይገፋዋል፤ የወፍ ላባ ተኝቶ ያልፋል።

እጀታው ላይ ከሆነ

ለየት ያለ ቀለም ያለው ላባ ከደጋኑ ወደ ውጭ መዞሩን እዩ። ከዚያ የፍላጻው ግትርነት ይመጣል። ፍላጻ ደጋኑን የሚያልፈው እየተለመጠ ነው። ላባ የሌለው ፍላጻ ከባለላባዎቹ ጋር ከ10 ሜትር ወርውሩ። ከባለላባዎቹ ወደ ግራ ካረፈ ግትር ነው፤ ከበድ ያለ ጫፍ ግጠሙለት። ወደ ቀኝ ካረፈ ከመጠን በላይ ይለመጣል፤ ጫፉን አቅልሉ ወይም እንጨቱን በጥቂቱ አሳጥሩ። የተቆረጠ አይቀጠልምና ቀስ በሉ። አንድ ጥንቃቄ፦ የሚለመጥ ፍላጻ እጀታውን መትቶ ከነጠረ እንደ ግትር ወደ ግራ ሊሄድ ይችላል። ንክኪው እስካለ ድረስ ወደ ግራ ማረፉን ብቻ አይታችሁ ግትር ነው አትበሉ።

ንክኪ ከሌለ

አሁን ወደ እጃችሁ። ከለቀቃችሁ በኋላ ቀኝ እጃችሁ የት ነው? ከጉንጫችሁ ርቆ አየር ላይ ከተገኘ አውታሩን ወደ ጎን ነቅላችሁታል፤ ፍላጻውም ወደ ግራ ያደላል። ጣታችሁን ለመክፈት አትሞክሩ። በጀርባችሁ መሳባችሁን ሳታቋርጡ መያዙን ብቻ ተዉ። እጁ ጉንጫችሁን እየዳሰሰ ራሱ ወደ ጆሮ ይሄዳል። ሦስት ሜትር ላይ ትልቅ ዒላማ አቁማችሁ፣ ካነጣጠራችሁ በኋላ ዓይን ጨፍኖ መልቀቅ ይህን ስሜት ቶሎ ያስይዛል።

ስትስቡ ፍላጻው ከማረፊያው ከተነሳ ጣቶቻችሁ ጭራውን ቆንጥጠውታል። በጭራውና በጣቶቹ መካከል ጠባብ ክፍተት ተዉ። ሙሉ ስባችሁ አምስት ሰከንድ ሳትንቀጠቀጡ መያዝ ካቃታችሁ ደግሞ ደጋኑ ከብዷችኋል፤ ለጊዜው በቀላል ደጋን ተለማመዱ።